ስንዴ ያልገባበት ሊጥ፦ ከይፋግ ገበያ እስከ ፎገራ ሩዝ

ይፋግ በሊቦ ከምከም ወረዳ፣ ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ የምትገኝ ጥንታዊት የገበያ ከተማ ናት። ከእሷ በስተደቡብ የርብና የጉማራ ወንዞች በየክረምቱ ደለል እያመጡ ያነጠፉት የፎገራ ሜዳ ተዘርግቷል፤ ከፍታው ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ፣ አፈሩ ዝናብ ሲነካው የሚያጣብቅ፣ በጋ ሲገባ የሚሰነጣጠቅ ጥቁር ዋልካ ነው። የሜዳው ዋና ከተማ ወረታ ስትሆን ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚሄደው አውራ ጎዳና በእሷ በኩል ያልፋል፤ ወደ ደብረ ታቦርና ወልድያ የሚታጠፈው መንገድም የሚጀምረው ከእሷ ነው። የዚህ አካባቢ ሰው እንጀራውን ሲጋግር የኖረው በጤፍ፣ በዳጉሳና በማሽላ ነው፤ ካለፉት አርባ ዓመታት ወዲህ ደግሞ ሩዝ ተጨምሯል። አራቱም ግሉተን የተባለው የስንዴና የገብስ ፕሮቲን የሌለባቸው እህሎች ናቸው። በአውሮፓ በሐኪም ትእዛዝ የተጀመረው ከስንዴ የራቀ የዱቄት ቅይጥ በፎገራና በይፋግ የመጣው ግን በሌላ መንገድ ነው፤ ያመጡት ጎርፍ፣ የእህል ዋጋና የአዝመራ ጉድለት ናቸው።

በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ይፋግ ከጎንደር ወደ ደቡብና ወደ ምሥራቅ የሚመላለሱ ሲራራ ነጋዴዎች የሚገናኙባት፣ የኬላ ቀረጥም የሚከፈልባት ስመ ጥር ገበያ ነበረች። አሞሌ ጨው፣ ጥጥና ሸማ፣ ቡናና የጋማ ከብት ይሸጥባት ነበር፤ ለትልቁ ግዢ የማርያ ቴሬዛ ብር፣ ለመልሱና ለጥቃቅኑ አሞሌ ያገለግላል። የሩቅ አገር ተጓዦች በጽሑፋቸው የሚያነሱት ይህን የሲራራ ንግድ ነው። የአገሬውን ሰው ገበያ የሚያስወጣው ግን ከሁሉ በፊት እህል ነበር። ከጉና ተራራ ዙሪያና ከሊቦ ደጋ ገብስና ስንዴ ይወርዳል፤ ከሜዳውና ከወይና ደጋው ጤፍ፣ ዳጉሳ፣ ማሽላ፣ ሽምብራ፣ ጓያና ኑግ ይመጣል። የደጋውና የሜዳው እህል በአንድ ቀን፣ በአንድ ገበያ፣ በአንድ ቁና የሚሰፈርበት ቦታ በመሆኑ የቤት እመቤቷ አንዱን ከሌላው እያመዛዘነች የመግዛት ዕድል ነበራት።

የመደባለቁ ልማድ መነሻም ይኸው ማመዛዘን ነው። ነጭ ጤፍ የባለጸጋና የእንግዳ እንጀራ ነው፤ ሰርገኛው ይከተለዋል፣ ቀዩ ጤፍ ከእሱ ዝቅ ይላል፣ ማሽላና ዳጉሳ ከታች ናቸው። ክረምቱ ሲረዝም ወይም አዝመራው ሲከዳ ጤፉ በማሽላ ወይም በዳጉሳ እየተበረዘ እስከ አዲስ እህል ይደረሳል። ስንዴ በዚህ የዕለት ማዕድ ላይ ብዙም ቦታ አልነበረውም፤ ድርሻው የበዓል ድፎና የዝክር ዳቦ ነው። ደጋው ላይ እንጀራው ገብስ ይገባበታል። ሜዳው ላይ ግን ዓመቱን ሙሉ አንድም የስንዴ ዘር ሳይቀምስ የሚከርም ቤተሰብ እንግዳ ነገር አልነበረም። በኑሮ ደረጃ ከታች የተመደበው ዳጉሳና ማሽላ ዛሬ በአውሮፓ መደብር ከስንዴ ዳቦ በውድ በሚሸጥ እሽግ ውስጥ የሚገባ እህል መሆኑ ሲታይ፣ የእህል ክብርና የእህል ጥቅም ሁልጊዜ አብረው እንደማይሄዱ መናገር ይቻላል።

ጤፍ ወደ ውጭው ዓለም የእጽዋት ሊቃውንት እጅ የገባበት ታሪክ ከዚሁ አካባቢ ጋር ይነካካል። እስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር ገብቶ፣ በዚያው ዓመት በእንፍራዝ በኩል የጣናን ምሥራቃዊ ዳርቻ ይዞ፣ ርብንና ጉማራን ተሻግሮ ወደ ጢስ ዓባይ ወርዷል። ወደ አውሮፓ ሲመለስ የጤፍ ዘር ይዞ ነበር፤ በፍሎረንስ የሚኖረው አቲሊዮ ዙካኒም ዘሩን አብቅሎ እ.ኤ.አ. በ1775 ስለ ጤፍ አንድ ድርሳን አሳተመ። የድርሳኑ አርእስት ጤፍን ለዳቦ የሚሆን የአበሻ ተክል ይለዋል። የአውሮፓ ጋጋሪዎች ግን ለሁለት መቶ ዓመታት ያህል ዞር ብለው አላዩትም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ በእነሱ አሠራር ተለውሶ፣ ተድቦልቡሎ፣ ምድጃ ውስጥ ሲገባ አይነፋም።

ስንዴ የሚነፋው በግሉተኑ ነው። ዱቄቱ በውኃ ሲታሽ ይህ ፕሮቲን እንደ መረብ ይተሳሰርና እርሾው የሚያወጣውን አየር አፍኖ ይይዛል፤ ሊጡ የሚለጠጠውም ዳቦው ቅርጹን ጠብቆ የሚቆመውም በዚህ ነው። የጤፍ፣ የዳጉሳ፣ የማሽላና የሩዝ ሊጥ ይህ መረብ የለውም። የኢትዮጵያ ጋጋሪዎች ለችግሩ ያበጁለት መፍትሔ ሁለት ክፍል አለው። አንደኛው ሊጡን ከማድቦልቦል ይልቅ አቅጥኖ ትኩስ ምጣድ ላይ ማዞር ነው፤ አየሩ ወደ ላይ ሲወጣ ዐይን ይከፍታል፣ አክንባሎው እንፋሎቱን ይይዝና እንጀራው ሳይገለበጥ ይበስላል። ሁለተኛው አብሲት ነው። ከቦካው ሊጥ ጥቂት ተቀንሶ በሚፈላ ውኃ እየተማሰለ ይበስላል፤ ሲበርድ ተመልሶ ይቀላቀላል። የበሰለው ዱቄት ስታርቹ አብጦ ስለሚወፍር ሊጡን ያያይዘዋል፤ እርሾውም በቀላሉ የሚመገበው ነገር ስለሚያገኝ ሊጡ እንደገና ኩፍ ይላል። የፋብሪካው ከግሉተን ነጻ ቅይጥ ዛንታን የሚባለውን ሙጫ መሰል ዱቄት የሚጨምረው ለዚሁ ማያያዝ ነው። አብሲት የዛንታንን ሥራ ከዱቄቱ ከራሱ ያወጣል። ይህ ብልሃት በየትኛው ዘመን፣ በማን እጅ እንደተጀመረ የጻፈ የለም፤ የወጥ ቤት ፈጠራ በዜና መዋዕል አይመዘገብምና።

የፎገራ ሜዳ ግን ለጤፍ የተመቸ አልነበረም። በሐምሌና በነሐሴ ርብና ጉማራ ከአልጋቸው ሲወጡ ከሐይቁ ዳር ያለው መሬት ወራት ሙሉ ውኃ ይተኛበታል፤ ጤፍ ደግሞ ጥቂት ውኃ ቢችልም ጎርፍ አይችልም። ስለዚህ የሜዳው ዝቅተኛ ክፍል በስሙ የሚታወቀው የፎገራ ከብት መሰማሪያ ነበር፤ ገበሬው ውኃው ሲሸሽ በቀረው እርጥበት ጓያና ሽምብራ ይዘራበታል። በዚህ ረግረግ ውስጥ የዱር ሩዝ ለብዙ ዘመን በቅሎ ኖሯል። የግብርና ባለሙያዎች ይህን አይተው በ1960ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ግድም ለማዳው ሩዝም ሊበቅል ይችላል የሚል ሐሳብ አነሱ። በ1970ዎቹ፣ በደርግ ዘመን፣ የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች መጥተው በደራ ወረዳ በጅግና፣ በፎገራ ወረዳ ደግሞ በሻጋ የገበሬ አምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት እርሻ ላይ ሩዝ ተዘራ። እስከ ዛሬ በሜዳው በስፋት የሚታወቀው ኤክስ ጅግና የተባለው ዝርያ ስሙን ያገኘው ከዚያች የጅግና ቀበሌ ነው።

በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ አምራች ማኅበራቱ ፈረሱ። በማኅበር ታዝዞ የተዘራ ሰብል ከማኅበሩ ጋር ይጠፋል ብሎ የገመተ ሰው ቢኖር አይፈረድበትም ነበር። ሩዙ ግን አልጠፋም፤ ገበሬው በየግል ማሳው ዘሩን ቀጠለበት። ጎርፍ የሚተኛበት፣ ከግጦሽና ውኃው ሲሸሽ ከሚዘራው ጓያና ሽምብራ በቀር ሌላ ጥቅም ያልነበረው መሬት በድንገት እህል የሚታፈስበት ሆነ፤ ሩዙ በኅዳርና በታኅሣሥ ታጭዶ ሲነሣ በዚያው መሬት ላይ ጓያው ወይም ሽምብራው ይከተላል። በ2000 ዓ.ም. ዋዜማ ሩዝ የሚሊኒየሙ ሰብል የሚል ቅጽል ተሰጠው፤ በ2002 ዓ.ም. ገደማ ብሔራዊ የሩዝ ልማት ስትራቴጂ ወጣ፤ ወረታ ላይም ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል ተቋቁሞ የጃፓኑ የልማት ድርጅት ጃይካ ድጋፍ ሰጥቶታል። የዚህ ሁሉ ዋጋ የተከፈለው በግጦሹ ነው፤ ሩዝ በሰፋ ቁጥር የፎገራ ከብት መሰማሪያ ጠብቧል፤ የሩዝ ገለባም በከፊል የጠፋውን ሣር ተክቷል።

ባለሙያዎቹ ሩዝን ያመጡት ተቀቅሎ በሳህን እንዲቀርብ አስበው ይሆናል። የፎገራ ሴቶች ግን ወፍጮ ቤት ወሰዱት። የአካባቢው ሰው ማዕድ እንጀራ ነውና አዲሱ እህል ተቀባይነት ያገኘው ከምጣዱ ጋር ሲስማማ ብቻ ነበር። የኤክስ ጅግና ፍሬ ነጭ በመሆኑ ከቀይ ወይም ከሰርገኛ ጤፍ ጋር ሲፈጭ የነጭ ጤፍን መልክ የሚቀርብ እንጀራ ይወጣዋል፤ ከጤፍ በዋጋ ስለሚረክስም የቤቱን ወጪ ያቀላል። መፈልፈያ ማሽኖች በወረታ ሲበዙ የተሰባበረው ፍሬ ከሙሉው ተለይቶ በርካሽ መሸጥ ጀመረ፤ ለዱቄት ደግሞ ከሙሉው አያንስም። ሩዝ ብቻውን ሲጋገር ግን ችግሩ ቶሎ ይታያል። ስታርቹ ሲቀዘቅዝ ይደርቃልና ጠዋት ለስላሳ የነበረው እንጀራ ማታ ሲጠቀለል ይሰነጠቃል። ጤፍ ሲገባበት መለስለሱና መተጣጠፉ ይመለሳል። የመጠኑ ነገር እንደየቤቱ አቅም ነው፤ እንግዳ ሲመጣ ጤፉ ይበዛል፣ ክረምት ሲሆን ሩዙ ያይላል። ጥቂት ቆይቶ ይኸው ልማድ ወደ ባሕር ዳር፣ ወደ ጎንደርና አዲስ አበባ ተሻግሮ በንግድ የሚሸጥ እንጀራ ውስጥ ገባ። በዚያ ግን ገዢው ሳይነገረው ስለሚበላው የማጭበርበር ስም ተሰጥቶታል፤ ፎገራ ላይ የቤት ሙያ የነበረው ከተማ ሲደርስ ክስ ሆነ። ሩዝ በጠላና በአረቄ ውስጥም ዳጉሳውን እየተካ ገብቷል። የሩዝ ዳቦ የሚባለው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከስንዴ ዱቄት ጋር የተለወሰ ነው፤ ስሙ የሩዝ ቢሆንም የሚያስነሣው ስንዴው ነው።

በአውሮፓ ከግሉተን ነጻ የመጋገር ታሪክ በአብዛኛው የሕክምና ታሪክ ነው። ሴሊያክ የሚባለውን፣ አንጀትን የሚጎዳ ሕመም እንግሊዛዊው ሐኪም ሳሙኤል ጊ እ.ኤ.አ. በ1888 ገለጸው፤ መንሥኤው ስንዴ መሆኑን ያሳየው ግን ሆላንዳዊው የሕፃናት ሐኪም ቪለም ዲከ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ፣ እ.ኤ.አ. በ1944 እና 1945 የረኀብ ክረምት ዳቦ ከሆላንድ ገበያ ሲጠፋ ታማሚዎቹ ሕፃናት ተሻላቸው፤ ዳቦ ሲመለስ ሕመሙም ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ የሩዝ ዱቄት፣ የድንችና የካሳቫ ስታርች እየተቀየጡ ለታማሚዎች መሸጥ ጀመሩ። ጤፍ በዚህ ገበያ ዘግይቶ የገባ ነው። በአሜሪካ የአይዳሆ ግዛት ዌይን ካርልሰን፣ ኢትዮጵያ ሠርቶ የተመለሰ ሰው፣ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጤፍ ዘርቶ መሸጥ ያዘ። የሆላንድ ተመራማሪዎችም እ.ኤ.አ. በ2005 በኒው ኢንግላንድ የሕክምና መጽሔት ላይ የጤፍ ዝርያዎችን መርምረው ሕመሙን የሚቀሰቅሱትን የፕሮቲን ክፍሎች እንዳላገኙባቸው አሳወቁ።

በዚያው ዓመት አንድ የሆላንድ ኩባንያ ከኢትዮጵያ የብዝሃ ሕይወት ተቋም ጋር የጤፍ ጥቅም መጋራት ውል ተፈራረመ፤ እ.ኤ.አ. በ2007 ደግሞ በጤፍ ዱቄት አሠራር ላይ የአውሮፓ ፓተንት አገኘ። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2009 ሲከስር ፓተንቱ ወደ ሌላ እጅ ተላለፈ፤ ኢትዮጵያ ከውሉ ያገኘችው ከቁጥር የሚገባ አልነበረም። የሄግ ፍርድ ቤት በኅዳር 2018 (እ.ኤ.አ.) ፓተንቱ የፈጠራ ብልሃት የለበትም ብሎ በሆላንድ ውድቅ አደረገው። የፓተንቱ ይዘት ካካተታቸው መካከል የጤፍ ዱቄትን ከሌላ ዱቄት ጋር መቀየጥ ይገኝ ነበር፤ ይህን የይፋግ ገበያተኛ ብትሰማ ምን ትል ነበር? መንግሥት በበኩሉ የአገር ውስጥ ዋጋ እንዳይንር በ1998 ዓ.ም. የጤፍ እህል ወደ ውጭ እንዳይላክ ከልክሎ እንጀራን ብቻ ፈቀደ።

የስደተኛው ኢትዮጵያዊ ወጥ ቤት የተጓዘው በተቃራኒው አቅጣጫ ነው። በ1970ዎቹና 80ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ የገቡ ቤተሰቦች ጤፍ ስላላገኙ እንጀራን በስንዴና በገብስ ዱቄት፣ አንዳንዴም ማስነሻ በተጨመረበት የፓንኬክ ዱቄት ይጋግሩ ነበር፤ ምጣዱም የኖርዌዮች የቂጣ መጋገሪያ ነበር። ይህ ልማድ ጤፍ ከተገኘም በኋላ በብዙ ምግብ ቤቶች ቀርቷል። ስለዚህ ፎገራ ላይ እንጀራው ውስጥ ሩዝ ሲገባ፣ ዋሽንግተን ላይ ስንዴ ገባበት፤ እንጀራ ሁሉ ከግሉተን ነጻ ነው የሚለው የተለመደ አባባል የሚፈርሰው እዚህ ላይ ነው።

ዛሬ ቤቱ ውስጥ ያለ ስንዴ መጋገር የሚፈልግ ሰው በፎገራ ልማድ ሊጀምር ይችላል። ጤፍና ሩዝ፣ ወይም ጤፍና ዳጉሳ፣ በእርሾ ቦክተው አብሲት ሲገባባቸው እንጀራ ይሆናሉ። ዳቦ የፈለገ ያንኑ ሊጥ ከእንጀራው አወፍሮ ዙሪያ ግድግዳ ባለው ዕቃ፣ ኮባ አንጥፎ መጋገር አለበት፤ ግሉተን የሌለው ሊጥ በራሱ አይቆምምና። ሴሊያክ ላለበት ሰው ግን ዱቄቱ ራሱ ብቻ በቂ ማስተማመኛ አይሆንም። ጤፉ ገብስና ስንዴ በተወቃበት አውድማ ላይ ተወቅቶ ሊሆን ይችላል፤ እርሾው በገብስ ወይም በስንዴ ሊጥ ተጀምሮ ሊሆን ይችላል፤ ወፍጮ ቤቱም ከአንድ ሰዓት በፊት የፈጨው ስንዴ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ ሕመምተኛ ያለበት ቤት እህሉን አበጥሮና ለቅሞ፣ ስንዴና ገብስ በማይፈጭበት ወፍጮ ቢያስፈጭ፣ እርሾውንም ከራሱ ጤፍ አዲስ ቢያነሣ ይሻለዋል።