ኩንታ ኪንቴና በስሙ የተመዘገበው ሰው

በኦክቶበር 1767 መጀመሪያ (እዚህ ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) «ሜሪላንድ ጋዜት» አንድ የሽያጭ ማስታወቂያ አወጣ። «ሎርድ ሊጎኒየር» የተባለችው መርከብ ከጋምቢያ ወንዝ አናፖሊስ ገብታለች፤ ጤናማ ባሮች አሏት፤ ክፍያው በጥሬ ገንዘብ ወይም በሐዋላ ይሆናል ይላል። መርከቧ ከአፍሪካ ስትነሳ 140 ሰው ጭና ነበር። የደረሱት 98 ናቸው።

ጥቁር አሜሪካዊው ደራሲ አሌክስ ሄሊ ከነዚህ አንዱ ቅድመ አያቴ ነው አለ። እንደ ሄሊ አባባል፣ ኩንታ ኪንቴ የጋምቢያዋ የጁፉሬ መንደር ማንዲንካ ነው፤ ለከበሮ የሚሆን እንጨት ፍለጋ ወጥቶ ተያዘ፤ ቨርጂኒያ ውስጥ ዋለር ለሚባል ቤተሰብ ተሸጦ ቶቢ ተባለ፤ ሄሊም የእሱ ሰባተኛ ትውልድ ነው። በ1976 የታተመው «ሩትስ» በእውነተኛ ታሪክ ተርታ ተሸጠ። በ1977 በተከታታይ ስምንት ሌሊት በቴሌቪዥን ሲተላለፍ የአሜሪካ ሕዝብ ከመስኮቱ ፊት አልተነሳም።

መዝገቡ ሲገለጥ ግን ነገሩ ተበላሸ። የዘር ሐረግ ተመራማሪዎቹ ጋሪና ኤልዛቤት ሚልስ በ1981 እንዳሳዩት፣ የዋለሮቹ ቶቢ በ1762፣ ማለትም መርከቧ ከመምጣቷ አምስት ዓመት በፊት፣ ቨርጂኒያ ነበር። በመጽሐፉ ልጁ ኪዚ በ1790 ትወለዳለች፤ የሰነዱ ቶቢ ግን ከ1782 በፊት ከመዝገብ ጠፍቷል። ጁፉሬ ላይ ታሪኩን ለሄሊ የነገሩት ኬባ ካንጂ ፎፋናም የታሪክ ነጋሪነትን ሙያ በዘር የወረሱ አልነበሩም። ጋዜጠኛው ማርክ ኦታዌይ በ1977 ቦታው ድረስ ሄዶ፣ ሄሊ የሚፈልገውን ነገር መንደርተኛው አስቀድሞ ያውቅ እንደነበር ጻፈ።  በ1978 ደግሞ ሄሊ ከሃሮልድ ኮርላንደር «ዘ አፍሪካን» ልቦለድ ገልብጠሃል ተብሎ ተከሶ በ650 ሺህ ዶላር ታረቀ።

ሰውየውን በውሸታምነት ብቻ መፈረጅ ግን አይሆንልኝም። በ1850 እና በ1860 የአሜሪካ ሕዝብ ቆጠራ ባሪያ በዕድሜ፣ በጾታና በቀለም ብቻ ይጻፋል፤ ስም የለውም። ነፃ የወጡት በሙሉ በስማቸው የተቆጠሩት ገና በ1870 ነው። ከዚያ በፊት ያለውን የሚፈልግ ሰው በጌታው ኑዛዜና በዕዳ መዝገብ ውስጥ ከላምና ከማረሻ ጋር የተዘረዘረ አያት ነው የሚያገኘው። ሄሊ ያንን ክፍተት በፈጠራ ሞላው፤ ጥፋቱ «ልቦለድ» አለማለቱ ነው።

ይበልጥ የሚከነክነኝ ጁፉሬን ከዓለም የራቀች ገነት አድርጎ መሳሉ ነው። መንደሯ ከእንግሊዞች ምሽግ አጠገብ የነበረች የንግድ ቦታ ናት። የጋምቢያ ወንዝን ሕይወት ለማየት ስሙ በጽሑፍ የቀረ ሰው አለ፦ አዩባ ሱሌይማን ዲያሎ፣ ከቡንዱ የመጣ ፉላ፣ የሃይማኖት መምህር ልጅ። በ1730ዎቹ መባቻ አባቱ ሁለት ሰዎች ሸጦ ወረቀት እንዲገዛ ላከው። ከእንግሊዛዊው ካፒቴን ፓይክ ጋር በዋጋ ባለመስማማቱ ወንዙን ተሻግሮ ሰዎቹን በከብት ለወጠ። ሲመለስ መሣሪያውን ሰቅሎ ባረፈበት ማንዲንካዎች ከበው ያዙት። የጦር ምርኮኛ እንዲመስል ራሱንና ጢሙን ላጭተው ሸጡት። ገዢው ያው ፓይክ ነበር!

ዲያሎም አናፖሊስ ወረደ። ከትንባሆ እርሻ ጠፍቶ ታሰረ። ለአባቱ በዐረብኛ የጻፈው ደብዳቤ ለንደን ላይ ጄምስ ኦግልቶርፕ የተባለ ሰው እጅ ገባ፤ እሱም ለመግዣው ዋስ ሆነለት። ዲያሎ ወደ ለንደን ተወስዶ እዚያ ሳለ ቁርአንን በቃሉ ጻፈ፤ በ1734 ጋምቢያ ተመልሶ ጄምስ ደሴት ላይ ወረደ።

የጋምቢያ መንግሥት ያችን ደሴት በ2011 ኩንታ ኪንቴ ብሎ ሰየማት። ምክንያቱ ይገባኛል፤ ሰው ሊሸጥ ሄዶ ለተሸጠ ሰው ሐውልት ማቆም ይከብዳል። ኩንታን የሚወድ አንባቢ ይውደደው፤ የሸሸን ባሪያ አካል መቁረጥ በ1705 የቨርጂኒያ ሕግ የተፈቀደ ስለሆነ በመጽሐፉ ውስጥ ኩንታ ሸሽቶ እግሩ መቆረጡ ከባዶ የተፈጠረ አይደለም። የባሪያ ንግዱ እንዴት ይሠራ እንደነበር ለማወቅ የሚሻ ግን ከሄሊ በፊት ቶማስ ብሉት በ1734 ስለ ዲያሎ ያሳተማትን ትንሽ መጽሐፍ ያንብብ።