ወተትም ስንዴም ያልነካው ጥቁር ጣፋጭ

በጥቅምት ወር ከጉና ተራራ ጥግ ተነሥቶ ወደ እስቴ፣ ወደ ስማዳ ወይም ወደ ታች ጋይንት የሚወርድ መንገደኛ ማሳው ቢጫ ለብሶ ያገኘዋል። አደይ አበባ ነው እንዳይል መስከረም አልፏል። ቢጫው ኑግ ነው። ኑግ የራሱን ብናኝ የማይቀበል ተክል ስለሆነ ያለ ንብ እርዳታ ፍሬ መያዝ ይቸግረዋል፤ አበባው ባለበት ሁሉ የንብ ድምፅ የሚሰማውም ለዚህ ነው። ኅዳር ሲገባ ቅጠሉ ይረግፋል፣ ራሱ ይጠቁራል፣ ይታጨዳል፣ ይወቃል። ከዚያች ቀጭን ጥቁር ፍሬ ዘይት ይወጣል፣ ወጥ ይሠራል። ልጆች የሚጠብቁት ግን ልጥልጡን ነው።

ልጥልጥ የተቆላ ኑግ ቅባቱ እስኪወጣ ተወቅጦ በእጅ የሚጨበጥ ጥቁር ምግብ ነው። በጨው የሚወዱት አሉ፣ ማር ካለ በማር ይለወሳል፣ የተቆላ እህል የሚቀላቅሉበትም ብዙ ናቸው። ስለ ኑግ የጻፉ የግብርና ተመራማሪዎች ልጥልጥንና ጭብጦን በተለይ የልጆች ተወዳጅ ምግብ ብለው መዝግበዋቸዋል። ዛሬ የከተማ ሰው «ግሉተንም ወተትም የሌለው የቸኮሌት ጣፋጭ» እያለ የሚፈልገው ነገር ከካካዎው በቀር ሁሉም በዚህ በቆላ በደጋው መካከል ነበረ።

የአገሩ አቀማመጥ ራሱ ይህን ምግብ ያብራራል። ጉና ከባሕር ጠለል በላይ ከ4,000 ሜትር ያልፋል። ከሥሩ ያለው የላይ ጋይንት ደጋ የገብስና የድንች አገር ነው፤ ብርዱ ለኑግ አይመችም። ወደ አርብ ገበያ፣ ወደ ወገዳና ወደ መካነ ኢየሱስ ዙሪያ ወይና ደጋ ሲወረድ ጤፍና ኑግ ይመጣሉ። ከዚያም ወርዶ መሬቱ ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ ሸለቆ ይቆረጣል። ደገኛው ገብሱን ይዞ ወርዶ ኑግ ሸምቶ ይመለሳል። በዚህ ምክንያት ደጋ ላይ የሚሠራው ልጥልጥ የገብስ ዱቄት ሲገባበት፣ ታች የሚሠራው ኑግ ብቻውን ሊሆን ይችላል። ይህች ልዩነት ኋላ ትጠቅመናለች።

አሠራሩ ቀላል ይመስላል እንጂ ባለሙያ ይፈትናል። ኑግ ምጣድ ላይ ቶሎ ያርራል። እሳቱ ከበረታ ይመራል፣ ጥሬ ከቀረ ደግሞ ቅባቱ እሺ ብሎ አይወጣም። ስለዚህ በዝግታ ይታመሳል፤ ፍሬው መንጣጣት ሲጀምርና ሽታው ቤቱን ሲሞላ ይወርዳል። ሳይቀዘቅዝ ሙቀጫ ውስጥ ይገባል። መጀመሪያ ደረቅ ዱቄት ይሆናል፤ ትንሽ ቆይቶ ይርሳል፤ በመጨረሻም ዘነዘናው ላይ መጣበቅ ይጀምራል። ያን ጊዜ ልጥልጥ ሆኗል ማለት ነው። ዘይቱን የምትፈልግ ሴት ከዚህ በኋላ የፈላ ውኃ አፍስሳ ታማስለዋለች፤ ቅባቱ ሲንሳፈፍ ከላይ ትገፈዋለች። «ከኑግ የተገኘህ ሰሊጥ አብረህ ተወቀጥ» የሚለው ተረት ለሰሊጥ ያዝናል። ለኑግ ያዘነ ተረተኛ የለም፤ መወቀጥ ዕጣው ነው ተብሎ ተትቷል።

ወተትና ቅቤ ለምን አልገቡበትም? ከብት ጠፍቶ አይደለም። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ምእመናን በዓመት 180 ቀን ያህል ይጾማሉ፤ ካህናት ጋ ሲደርስ ቁጥሩ እስከ 250 ይወጣል። በእነዚህ ቀናት ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል አይቀመሱም። እንግዲህ ከዓመቱ ግማሽ ያህሉን ያለ ቅቤ የሚኖር ቤት ቅባቱን ከእህል መፈለግ ነበረበት፤ ኑግ፣ ሱፍ፣ ተልባና ሰሊጥ በጾም ማእድ ላይ የነገሡት በዚህ ነው። ለኑግ ደግሞ ወቅቱም ያግዘዋል። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ይገባል፣ ገና ሲደርስ ይፈታል። አዲሱ ኑግ ከአውድማ ወደ ጎታ የሚገባውም በዚሁ መካከል ነው።

ጣፋጩም ከዚያው ማሳ ይገኛል። ንቡ በጥቅምት የቀሰመው የኑግ አበባ በኅዳር ማር ሆኖ ይቆረጣል። አንዱ ተክል ለልጥልጡ ፍሬውን ሰጥቶ ለማጣፈጫው ማሩን ይጨምራል። እርግጥ ማር ለሁሉም ቤት አልነበረም። ለጠጅ፣ ለድግስ፣ ለገበያ የሚፈለግ ውድ ነገር ስለነበረ ብዙ ልጅ ልጥልጡን በጨው በልቶ ነው ያደገው። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ሥራ እስኪጀምር ድረስ ስኳር ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ነበር፤ ከዚያም በኋላ ቢሆን እስከ ስማዳ ቀበሌዎች ለመድረስ ጊዜ ወስዷል።

የካካዎ ታሪክ ከልጥልጥ ብዙ አይርቅም። በመካከለኛው አሜሪካ የነበሩት ማያዎችና አዝቴኮች ፍሬውን አብላልተው፣ አድርቀው፣ ቆልተው በድንጋይ ይፈጩት ነበር፤ ሲፈጭ ቅባቱ ወጥቶ ወፍራም ጥቁር ነገር ይሆናል። በውኃ በጥብጠው ሲጠጡት ወተት የሚባል ነገር አልነበረበትም። እ.ኤ.አ. በ1828 በሆላንድ ቫን ሃውተኖች ቅባቱን የሚጨምቅ መሣሪያ አስመዘገቡ፤ የካካዎ ዱቄት ከዚያ መጣ። በ1847 የእንግሊዙ ፍራይ ኩባንያ የሚበላ ጠፍጣፋ ቸኮሌት ሠራ። ወተት የገባበት ከሁሉም ዘግይቶ ነው፤ ስዊዘርላንዳዊው ዳንኤል ፒተር ሥራውን የጀመረው በ1875 ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ተነሥተው ሰባት ቶን ያህል የሚመዝነውን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ በጋይንት በኩል ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ፣ ወተት ያለው ቸኮሌት አውሮፓም ላይ አልነበረም።

ልጥልጥን ከልጆች እጅ ያራቀው ካካዎ አይደለም። ገበያ ነው። ኑግ ከአገሪቱ የቅባት እህል ምርት ግማሽ ያህሉን ይዞ የኖረ ሰብል ስለሆነ የዘይት ፋብሪካም፣ ላኪውም ይፈልገዋል። አሜሪካና አውሮፓ የሚደርሰው ኑግ ደግሞ በአብዛኛው የወፍ መኖ ነው። በደርግ ዘመን ቻይናውያን የሠሩት የወረታ ወልድያ መንገድ የላይ ጋይንቷን ከተማ ንፋስ መውጫን ከሁለት አቅጣጫ ሲያገናኛት ኑጉ በቀላሉ ወጣ፤ ብስኩትና ከረሜላም በዚያው መንገድ ገባ። ኋላ ከውጭ የመጣው የፓልም ዘይት ሲጨመርበት ኑግን ቤት ውስጥ የመውቀጥ ልማድ ይበልጥ ቀጠነ። ገበሬው ኑጉን ሸጦ የስንዴ ብስኩት ለልጁ መግዛቱ ትክክለኛ የገበያ ስሌት ሊሆን ይችላል፤ የምግብ ስሌቱ ግን ኪሳራ ነው።

ስለ ስንዴ ከተነሣ ግሉተን ይመጣል። ግሉተን በስንዴና በገብስ ውስጥ ያለ ፕሮቲን ሲሆን ሴሊያክ የሚባል ሕመም ያለበትን ሰው አንጀት ይጎዳል። ሆላንዳዊው የሕፃናት ሐኪም ዊለም ዲኬ እ.ኤ.አ. በ1944 እና 1945 መካከል በነበረው የረሃብ ክረምት ዳቦ ሲጠፋ ሕመምተኞቹ ሲሻላቸው፣ ዳቦ ሲመለስ ሲብስባቸው አይቶ፣ በ1950 ጥናቱን አቀረበ። ጤፍ ግሉተን የለውም። ይህን ያወቀ አንድ የሆላንድ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት ላይ የባለቤትነት መብት አስመዝግቦ ብዙ ካነጋገረ በኋላ፣ የሄግ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 መብቱን ሽሮታል። ጋይንትን አይታ የማታውቅ ሆላንድ በዚህ ወሬ ውስጥ ስትነሣ ሦስተኛ ጊዜዋ ነው።

ዛሬ አዲስ አበባም ሆነ ባሕር ማዶ ያለ ሰው ልጥልጡን የቸኮሌት ጣዕም ሊሰጠው ቢያስብ ብዙ አይደክምም። ሁለት ኩባያ ኑግ ለቅሞ፣ በለዘብተኛ እሳት አምሶ፣ ትኩሱን ይፈጫል፤ ገለባው እንዳይቆረቁር በወንፊት ያሳልፈዋል። ሁለት ማንኪያ ያልጣፈጠ የካካዎ ዱቄትና ቁንጥር ጨው ያክልበታል፤ ከዚያ ማር በጥቂት በጥቂቱ እያፈሰሰ እስኪጨበጥ ያሻል። ልል ከሆነ የተቆላ የጤፍ ዱቄት ያጠነክረዋል። ምድጃ አያስፈልገውም፤ ድቡልቡል አድርጎ ቀዝቃዛ ቦታ ማስቀመጥ ይበቃል። ካካዎው ሲገዛ ማሸጊያው ላይ ወተት አለመኖሩን ማንበብ ነው። ማር ስላለበት ዓመት ላልሞላው ሕፃን አይሰጥም።

ለሴሊያክ ሕመምተኛ የሚሠሩ ከሆነ ግን የደጋውን ልማድ ይተዉት፤ ገብስም ሆነ በሶ አይግባበት። በሶ ሲወቀጥበት በኖረ ሙቀጫም አይውቀጡ፤ ለብቻው የተቀመጠ መፍጫ ያዘጋጁ። ከገበያ የመጣውንም ኑግ በሰፌድ አበጥረው ስንዴና ገብስ እንዳልተቀላቀለበት ያረጋግጡ።