ደካማ ነፋስ የወሰነው ዋንጫ፦ የ1983 ሰባተኛው ውድድርና የታሪክ ምክንያት ጥያቄ



የዛሬው ንግግሬ መነሻ አንድ የባለሸራ ጀልባ ውድድር ነው። መድረሻው ግን እኛ የታሪክ ሰዎች ዘወትር የምንከራከርበት ጥያቄ ነው፦ ድል ሲገኝ ምክንያቱ መሣሪያው ነው ወይስ መሣሪያውን የያዘው ሰው?

መስከረም 15 ቀን 1976 ዓ.ም.፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ሴፕቴምበር 26 ቀን 1983፣ በአሜሪካ ሮድ አይላንድ ግዛት፣ ከኒውፖርት ወደብ ወጣ ብሎ ባለው ባሕር ላይ «አውስትራሊያ 2» የተባለችው ጀልባ አሜሪካዊቷን «ሊበርቲ»ን አሸነፈች። ሽልማቱ «የአሜሪካ ዋንጫ» ይባላል። ስሙን ያገኘው ከአገሪቱ ሳይሆን፣ በ1851 በእንግሊዝ ዋይት ደሴት ዙሪያ በተደረገው ውድድር ካሸነፈችው «አሜሪካ» ከተባለችው ጀልባ ነው። ከዚያ ወዲህ ለ132 ዓመታት ዋንጫው ከአሜሪካውያን እጅ ወጥቶ አያውቅም ነበር።

ታዲያ እንዴት ወጣ? የተለመደው መልስ አጭር ነው፦ በክንፉ። ከጀልባ ሆድ ሥር ወደ ውኃው ወርዶ ሚዛን የሚጠብቅ ከባድ አካል አለ። አውስትራሊያዊው ንድፍ አውጪ ቤን ሌክሰን በዚህ አካል ግርጌ፣ በግራና በቀኝ፣ ክንፍ አበጀለት። አምሳያው በኔዘርላንድስ በመፈተሻ ገንዳ ተሞከረ። በኒውፖርትም ጀልባዋ ከውኃ በወጣች ቁጥር ሥሯ ይጋረድ ነበር። የኒው ዮርክ ጀልባ ክለብ ክንፉ ከደንብ ውጭ ነው ብሎ ቢከራከርም አልተሳካለትም። ምስጢርም ክርክርም ያለበት ታሪክ በመሆኑ በሰው አእምሮ የቀረው ይኸው ነው።

ማስረጃውን በቅደም ተከተል ስንመረምር ግን ነገሩ ይወሳሰባል። ባለ ክንፏ ጀልባ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ውድድሮች የተሸነፈችው የገዛ ዕቃዋ እየተሰበረባት ነው። ከአራት ውድድሮች በኋላ 3 ለ 1 ትመራ ነበር፤ የምትመራው ግን ሊበርቲ ነበረች። አውስትራሊያ 2 ተከታታይ ሁለት ውድድሮች አሸንፋ 3 ለ 3 ሆኑ። ሁሉም ነገር ለሰባተኛው ቀረ።

በዚያ ቀን የነፋሱ ፍጥነት 8 ኖት ገደማ፣ ማለትም በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። ነፋስ በሸራ ላይ የሚያሳድረው ግፊት ከፍጥነቱ እጅግ ፈጥኖ ይወርዳል፤ ፍጥነቱ በግማሽ ሲቀንስ ግፊቱ ወደ አንድ አራተኛ ይወርዳል። ስለዚህ ከ20 ቶን በላይ ለምትመዝን ጀልባ ትንሿ የነፋስ ልዩነት እንኳ ትልቅ ሀብት ናት።

በእንዲህ ያለ ቀን መርከበኞች የሚከተሉት ሥርዓት አላቸው። በጀልባዋ ላይ በዝግታ ይንቀሳቀሳሉ፤ ድንገተኛ እንቅስቃሴ ሸራውን አናግቶ ነፋሱን ያስጥለዋልና። ክብደታቸውን ነፋሱ ወደሚሄድበት ጎን አድርገው ጀልባዋን በጥቂቱ ያዘነብላሉ፤ ያን ጊዜ ሸራው በራሱ ክብደት ቅርጹን ይይዛል። መሪውን በትንሹ ብቻ ይነካሉ፤ እያንዳንዱ መዞር ፍጥነት ይበላል። ከሁሉ በላይ የውኃውን ገጽ ያነባሉ፤ ጠቆር ያለና የተሸበሸበ ውኃ ነፋስ እንዳለበት ይናገራል።

ነፋስን ከጀርባ አድርጎ መሄድ ደግሞ የራሱ ወጥመድ አለው። ነፋሱ 8 ኖት ሆኖ ጀልባዋ በዚያው አቅጣጫ በ5 ኖት ብትሄድ፣ ሸራዋ የሚሰማው 3 ኖት ብቻ ነው። ብልሁ መርከበኛ ስለዚህ ቀጥታውን ትቶ በጥቂቱ ወደ ጎን ያጋድላል፤ መንገዱ ቢረዝምም ፍጥነቱ ይካሳል።

ውድድሩ ስድስት ምዕራፎች ነበሩት። አምስተኛው፣ ነፋስን ከጀርባ የሚያደርገው፣ ሲጀመር ሊበርቲ በ57 ሴኮንድ ትመራ ነበር። ከዚያ ሁለቱ ጀልባዎች ተለያዩ። የሊበርቲ አዛዥ ዴኒስ ኮነር ተቀናቃኙን ከመጠበቅ ይልቅ የራሱን አቅጣጫ መረጠ። የአውስትራሊያ 2 አዛዥ ጆን በርትራንድና የስልት አማካሪው ሂው ትሬሃርን ደግሞ የተሻለ ነፋስ ያለበትን ውኃ አገኙ። በምዕራፉ ፍጻሜ መሪዋ አውስትራሊያ 2 ሆነች፤ ልዩነቱ 21 ሴኮንድ ነበር። በመጨረሻው ምዕራፍ ሊበርቲ ለማምለጥ ከአርባ ጊዜ በላይ አቅጣጫዋን ብትቀያይርም፣ አውስትራሊያ 2 እየተከታተለች ከፊቷ አልጠፋችም። በ41 ሴኮንድ ልዩነት አሸነፈች።

እዚህ ላይ ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። የዚያ ክንፍ ዋና ጥቅም የሚገኘው ጀልባ ከነፋስ ጋር ስትታገል፣ ወደ ነፋሱ ስትወጣ ነው። ነፋስ ከጀርባ ሲሆን ግን ከውኃ ጋር የሚፋተግ ተጨማሪ ገላ ከመሆን ብዙም አያልፍም። ለ132 ዓመታት የቆየው ሥልጣን የተገለበጠው እንግዲህ፣ ዝነኛው መሣሪያ እምብዛም በማይረዳበት ምዕራፍ ላይ ነው።

ይህን ስል ክንፉ ዋጋ አልነበረውም ማለቴ አይደለም። የጀልባዋ ቀላልነትና ለመዞር ፈጣን መሆኗ ተደምረው እስከ ሰባተኛው ውድድር ያደረሷት፣ በመጨረሻው ምዕራፍም መሪነቷን እንድትጠብቅ ያገዟት ናቸው። የምለው፣ አንድን ውጤት የሚቻል ያደረገው ምክንያትና ያን ውጤት የወሰነው ምክንያት ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ነው። የመጀመሪያው በቤተ መዘክር ይቀመጣል፤ ሊነካና ፎቶግራፍ ሊነሣ ይችላል። ሁለተኛው የአንድ ደቂቃ ፍርድ ነው፤ ውኃው ላይ የነበረው ጥላ ካለፈ በኋላ ምልክት አይተውም። ታሪክ ጸሐፊ የሚታየውን ብቻ ከተከተለ፣ የሰውን ማስተዋል ለብረት ይሰጣል።

ተማሪዎቼ፣ ጥናታችሁ ስለ ጦርነትም ይሁን ስለ ንግድ ወይም ስለ እርሻ፣ «ምን ነበራቸው?» ብላችሁ ስትጠይቁ «በዚያች ሰዓት ምን አዩ? ምንስ መረጡ?» የሚለውን ጨምሩበት።