በካፒቶል ጕልላት ላይ ስለ ቆመችው ሐውልት



በዋሽንግተን ከተማ ካፒቶል ተብሎ የሚጠራውን፥ የአሜሪካ የእንደራሴዎችና የሕግ መወሰኛ ምክር ቤቶች የሚሰበሰቡበትን ሕንፃ ለመጐብኘት የሚሻ ሰው የመግቢያ ዋጋ አይጠየቅም። አስጐብኚው በቅድሚያ አርባ የድንጋይ አዕማድ ወደ ቆሙበት ምድር ቤት፥ ቀጥሎም ከታላቁ ጕልላት ሥር ወዳለው ክብ አዳራሽ ይመራዋል። የሐውልቶች አዳራሽ በሚባለው ክፍል ደግሞ አንዱ በሹክሹክታ የተናገረው በሩቅ ለቆመው ጓደኛው ጥርት ብሎ ስለሚሰማ ጐብኚዎች ይደነቃሉ። ቤቱ ለእኛም ፈጽሞ እንግዳ አይደለም፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ግንቦት 20 ቀን 1946 ዓ.ም. ለሁለቱ ምክር ቤቶች የጋራ ጉባኤ ንግግር ያደረጉት በዚሁ ነው። ከዚህ ወዲያ የምንጠራቸው ዘመናት ግን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የመሠረቱን ድንጋይ በ1793 ያኖሩት ጆርጅ ዋሽንግተን ናቸው። በ1814 የእንግሊዝ ጦር አቃጠለው፤ ታድሶም ቆመ። ዛሬ የሚታየው ጕልላት ከ1855 እስከ 1866 የተሠራ ሲሆን፥ ከሩቅ ሲያዩት እምነ በረድ ይምሰል እንጂ ብረት ነው። በጫፉም ላይ የነጻነት ምሳሌ የሆነች፥ ቁመቷ 6 ሜትር ያህል የሚደርስ የነሐስ ሴት ቆማለች። ንግግራችን ስለ እርሷ፥ ይልቁንም እርሷን ከነሐስ ካፈሰሱት ሰዎች ስለ አንዱ ነው።

ምስሏን በሮም ከተማ የቀረጸው ቶማስ ክራውፎርድ የተባለ አሜሪካዊ ነበረ። ከንድፎቹ በአንዱ፥ በጥንታዊት ሮም አርነት የወጣ ባሪያ ይደፋው የነበረውን ቆብ ደፋላት። የጦር ሚኒስትሩ ጄፈርሰን ዴቪስ ግን ይህን ቆብ ተቃወሙ። እኒህ ሰው በኋላ ባርነትን ለማጽናት የተገነጠሉት የደቡብ ግዛቶች ፕሬዚዳንት የሆኑት ናቸውና፥ ተቃውሟቸው አያስደንቅም። ቆቡም በራስ ቁር ተተካ።

የጄሶው ምስል ዋሽንግተን ከደረሰ በኋላ ወደ ክላርክ ሚልስ የነሐስ ማቅለጫ ሊወሰድ ሲል ችግር ተነሣ። የሚልስ ልጅ እንደ ተረከው፥ ክፍሎቹን የገጣጠመው ጣሊያናዊ ባለሙያ ደመወዝ ካልተጨመረልኝ አላለያይም አለ። መጋጠሚያው ተደፍኖ ስለ ነበር የት እንደሚከፈት ሌላ የሚያውቅ አልነበረም። በዚያን ጊዜ መላ የመታው ፊሊፕ ሪድ የሚባል የሚልስ ባሪያ ነው። በምስሉ ራስ ላይ ካለው የብረት ቀለበት ገመድ አስሮ በመዘውር ቀስ በቀስ ወደ ላይ ቢስበው፥ የተደፈነው መጋጠሚያ እንደ ፀጉር በቀጠነ ስንጥቅ ተገለጠ።

ሪድ በማቅለጫው እሳት ሲጠብቅ፥ የስድስቱን ቀን ዋጋ የሚቀበለው ጌታው ነበር። እሑድ ግን የራሱ ነበረችና፥ ከጁላይ 1860 እስከ ሜይ 1861 ድረስ ለሠራባቸው 33 እሑዶች በቀን 1 ዶላር ከ25 ሳንቲም፥ በድምሩ 41 ዶላር ከ25 ሳንቲም መንግሥት ከፈለው።

በኤፕሪል 1862 የወጣው ሕግ በዋሽንግተን የነበሩትን ባሮች አርነት ሲያወጣ፥ ካሣ የተቈረጠው ለባሮቹ ሳይሆን ለጌቶቻቸው ነበር። ሚልስም ስለ ሪድ 1,500 ዶላር ጠየቀ፤ በማመልከቻውም ሰውዬው መልከ መልካም ባይሆን አእምሮው የሰላ፥ በማቅለጫ ሥራም ጐበዝ መሆኑን ገለጠ። ዋጋ ለማስወደድ የተጻፈ ምስክርነት ነው፤ ቢሆንም እውነት ሳይሆን አይቀርም።

በዲሴምበር 2 ቀን 1863 የሐውልቷ የመጨረሻ ክፍል ከጕልላቱ ጫፍ ሲደርስ 35 ጊዜ መድፍ ተተኰሰ። ሪድ በዚያን ቀን ነጻ ሰው ነበረ።

ነሐሷን ጐብኚው አንጋጦ ከማየት በቀር ሊቀርባት አይችልም። የጄሶው ምስል ግን በ2008 በተከፈተውና የአርነት አዳራሽ በተባለው የእንግዶች መቀበያ ቆሟል። በዚያው አዳራሽ ሕንፃውን ለሠሩት ባሮች መታሰቢያ እንዲሆን በ2012 የተተከለ፥ ከጥንቱ የሕንፃው ፊት የተነቀለ አንድ ድንጋይ አለ፤ የመሮው ምልክት እስከ ዛሬ ይታይበታል።