የሼፈር ሞዴል

የሼፈር ሞዴል ዘሩ ሳይመናመን ከአንድ ሐይቅ ወይም ባሕር በየዓመቱ ምን ያህል ዓሣ ማጥመድ እንደሚቻል የሚያሰላ የሒሳብ ሞዴል ነው። ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1954 አሜሪካዊው የዓሣ ሀብት ተመራማሪ ሚልነር ሼፈር ሲሆን፣ መሠረቱ ቤልጅጋዊው ፒየር ቬርሁልስት በ1838 ስለ ሕዝብ ዕድገት ያወጣው ቀመር ነው፦

የዓመቱ ጭማሪ = የመራባት ምጣኔ × ክምችት × (1 − ክምችት ÷ የውኃው አቅም)

1,000 ቶን ዓሣ የመያዝ አቅም ያለው፣ ምጣኔው 0.4 የሆነ ሐይቅ እንውሰድ። ሐይቁ ሞልቶ ሳለ ጭማሪው ዜሮ ነው፤ ምግቡም ቦታውም ተይዟል። ክምችቱ 500 ቶን ሲሆን በዓመት 100 ቶን ይጨምራል፤ ከዚያ በላይ መቼም አይሰጥም። ይህ «ከፍተኛው ዘላቂ ምርት» ይባላል። በ800 ቶንም በ200 ቶንም ላይ ግን ጭማሪው እኩል 64 ቶን ነው። ልዩነቱ ድካሙ ላይ ነው፦ ዓሣው በሳሳበት ሐይቅ ያንኑ 64 ቶን ለማውጣት አራት እጥፍ መረብ መጣል ይጠይቃል። ለሁሉ ክፍት የሆነ ውኃ ወደዚህ ድካም እንደሚያዘነብል፣ ትርፍ እስካለ ድረስ ጀልባ እየተጨመረ እንደሚሄድ፣ ካናዳዊው የኢኮኖሚ ባለሙያ ስኮት ጎርደን በዚያው በ1954 አሳይቷል።

ከፍተኛው ምርት ራሱ ገደል አፋፍ ላይ ነው። አንድ ክፉ ዓመት ክምችቱን ወደ 400 ቶን ቢያወርደው ጭማሪው 96 ቶን ይሆናል፤ 100 ቶን ማጥመዱ ካልተቀነሰ 396 ይቀራል፣ ከዚያም በየዓመቱ ቁልቁል ነው።

ቀመሩ ቀላል ነው፤ ችግሩ ዓሣው አለመቆጠሩ ነው። ክምችቱ ብዙውን ጊዜ የሚገመተው መረብ አንድ ጊዜ ሲጣል ከሚይዘው ነው። ዓሣ ግን እኩል አይበተንም። የጣና ነጭ ዓሣ ሊራባ በክረምት ወደ ርብና ጉማራ ሲያመራ ወንዞቹ አፍ ላይ ይታጨቃል፤ በዚያ ሰሞን መረብ መሙላቱ ስለ ሐይቁ ብዙም አይናገርም። በካናዳዋ ኒውፋውንድላንድም እንዲሁ ሆኗል። የባለሙያዎቹ ስሌት ከሼፈር የረቀቀ ነበር፤ ከዓሣ አጥማጅ መርከቦች የሚመጣውን ቁጥር ማመኑ ግን አልቀረለትም። መርከቦቹ በየዓመቱ ይበልጥ በሠለጠነ መሣሪያ የቀረውን የኮድ ዓሣ መንጋ እያሰሱ መረባቸውን ሲሞሉ፣ ክምችቱ ከእውነቱ በላይ ተገመተ። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1992 ማጥመድ ሲታገድ ወደ 30,000 ሰው ሥራ አጣ። ለሁለት ዓመት ተብሎ የተጣለው እገዳ የተነሣው በ2024 ነው።