የስዊድን ሚሳይል በጭነት መኪና ላይ፤ ለቪዲዮ ጌም የቀረበ ሐሳብ

ቪዲዮ ጌምን የልጆች ጊዜ ማሳለፊያ ብቻ አድርገው የሚያዩ አንባቢያን እንዳሉ አውቃለሁ፡፡ ይሁንና ባለፉት አሥራ አምስት ዓመታት ገደማ አንድ ለየት ያለ የጌም ዓይነት በአዋቂዎች ዘንድ ተስፋፍቷል፡፡ በዚህ ዓይነቱ ጨዋታ የሚነዱት ታንኮች፣ አውሮፕላኖችና መርከቦች ከደራሲ ጭንቅላት የፈለቁ አይደሉም፡፡ በእውን የተሠሩ፣ የብረታቸው ውፍረት በሚሊሜትር፣ የሞተራቸው አቅም በፈረስ ጉልበት ተለክቶ የገቡ ናቸው፡፡ እ.ኤ.አ. በ2012 ለሕዝብ ክፍት የሆነው ዋር ተንደር ከእነዚህ መካከል በስፋት የሚታወቀው ነው፡፡ ተጫዋቹም ዝም ብሎ የተሰጠውን የሚቀበል አይደለም፡፡ «ይህ መሣሪያ ይጨመርልን» ብሎ ሐሳብ ያቀርባል፤ ሐሳቡ ደግሞ ማስረጃ ይፈልጋል፡፡ መሣሪያው በእርግጥ ተሠርቷል? ማን ታጠቀው? ምን ያህል ርቀት ይመታል? ድክመቱስ ምንድን ነው?

እኔም የማቀርበው እንዲህ ዓይነት ሐሳብ አለኝ፡፡ ለአንድ ጨዋታ ብቻ አላሰርኩትም፡፡ በእውነተኛ መሣሪያ ላይ ለሚመሠረት ለማንኛውም ጨዋታ ይሆናል ብዬ አምናለሁ፡፡ መሣሪያው የስዊድን አርቢኤስ 70 ፀረ-አውሮፕላን ሚሳይል ሲሆን፣ የተጫነበት ተሽከርካሪ ደግሞ የጀርመኑ መርሰዲስ ቤንዝ ዩኒሞግ የጭነት መኪና ነው፡፡ ይህን ቅንጅት የታጠቀችው ፊንላንድ ስትሆን ኢቶ 05 ብላ ትጠራዋለች፡፡

በመጀመሪያ ስለ ሚሳይሉ ላስረዳ፤ ምክንያቱም የሐሳቤ ክብደት ያለው እዚያ ላይ ነው፡፡

ስዊድን ቀደም ሲል በትከሻ የሚተኮሰውን የአሜሪካ ሬድአይ ሚሳይል ታጥቃ ነበር፡፡ ሬድአይ የሞተር ሙቀት እያሸተተ የሚሄድ በመሆኑ ጠላትን የሚያገኘው ከኋላ በኩል፣ ማለትም አውሮፕላኑ ቦምቡን ጥሎ ሲመለስ ነው፡፡ ቦምብ ከወደቀ በኋላ መምታት ደግሞ ለተደበደበው ሰው ብዙም መጽናኛ አይሆንም፡፡ በቦፎርስ ኩባንያ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1977 አገልግሎት ላይ የዋለው አርቢኤስ 70 ይህን ችግር በሌላ መንገድ ፈታው፡፡ ሙቀትን ትቶ ሌዘርን መረጠ፡፡

አሠራሩ እንዲህ ነው፡፡ ተኳሹ በማነጣጠሪያው መነጽር አውሮፕላኑን መሀል ላይ አድርጎ ይከተላል፡፡ ከማነጣጠሪያው ወደ አውሮፕላኑ አቅጣጫ የሌዘር ጨረር ይወጣል፡፡ ሚሳይሉ ከተተኮሰ በኋላ በጅራቱ በኩል ባለ መቀበያ ጨረሩን እያነበበ፣ ከመሀል ሲወጣ ራሱን እየመለሰ፣ ልክ በማይታይ ቧንቧ ውስጥ እንደሚሄድ ሆኖ ይጓዛል፡፡ ሚሳይሉ አውሮፕላኑን አያየውም፡፡ የሚያየው ከኋላው ያለውን ተኳሽ ነው ማለት ይቻላል፡፡

የዚህ ውጤት ቀላል አይደለም፡፡ አብራሪዎች ሙቀት ተከታይ ሚሳይልን ለማሳሳት ከአውሮፕላኑ የሚረጩት የሚነድ ማታለያ እዚህ ላይ ዋጋ የለውም፡፡ ራዳርን የሚያደናግረው የብረት ብናኝም እንዲሁ፡፡ የሚሳይሉ መቀበያ ወደ ኋላ የዞረ ስለሆነ ከፊት ለፊት ያለው አውሮፕላን ምልክቱን ማወክ ይቸግረዋል፡፡ በሌላ በኩል ተኳሹ ሚሳይሉ እስኪደርስ ድረስ ዓይኑን ከዒላማው ማንሳት አይችልም፡፡ አውሮፕላኑ ከኮረብታ ጀርባ ከተሰወረ ወይም ደመና ውስጥ ከገባ ነገሩ ያበቃል፡፡ «ተኩስና እርሳ» የሚባለው ምቾት እዚህ የለም፡፡

ለጨዋታ ይህ እጅግ ተስማሚ ነው የምለው ለዚህ ነው፡፡ ሙቀት ተከታይ ሚሳይል ያለው ተጫዋች ቁልፍ ይጫንና ሻይውን ይጠጣል፡፡ የአርቢኤስ 70 ተጫዋች ግን እጁ ካልረጋ አይመታም፡፡ ሄሊኮፕተር የሚያበረውም ተጫዋች ማታለያ እሳት እየረጨ በሰላም የሚሄድበት ዘመን ያበቃል፤ መሬት ማንበብ፣ ዛፍና ኮረብታ መጠቀም ይገደዳል፡፡ ሁለቱም ወገን ችሎታ ይጠየቃል ማለት ነው፡፡

የመጀመሪያው ሚሳይል እስከ 5 ኪሎ ሜትር ርቀት ይደርስ ነበር፡፡ ከዚያ የመጣው ሁለተኛው ትውልድ ወደ 7 ኪሎ ሜትር ከፍ አለ፡፡ በ2000ዎቹ የተሠራው ቦላይድ የተባለው ሚሳይል ደግሞ 8 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀትና እስከ 5 ኪሎ ሜትር ከፍታ ይደርሳል፡፡ ቦላይድ ከድምፅ ሁለት እጥፍ በሚሆን ፍጥነት ይበራል፡፡ ሲፈነዳ የሚበተኑ ከ3,000 የማያንሱ የተንግስተን እንክብሎች ያሉት ሲሆን፣ ብረት የሚበሳ ፈንጂም አለው፡፡ ስለዚህ ቀላል ብረት ለበስ ተሽከርካሪ ቢያጋጥመው ራሱን ለመከላከል ሊተኩስበት ይችላል፡፡ ይህ የመጨረሻው ነጥብ በጨዋታ ውስጥ አለመግባባት እንደሚያስነሳ ይገባኛል፡፡ አንዳንዱ ተጫዋች ፀረ-አውሮፕላኑን ይዞ ታንክ ማደን ይጀምራልና፡፡

እዚህ ላይ ከጉዳዬ ትንሽ ልውጣ፡፡ ቦፎርስ የሚሳይል ሥራው እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2000 ባለው ጊዜ ወደ ሳአብ ተጠቃሏል፡፡ ሳአብ ለእኛ አገር እንግዳ ስም አይደለም፡፡ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በስዊድናዊው ካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን መሪነት የተደራጀው የኢትዮጵያ አየር ኃይል ካበረራቸው የመጀመሪያ ተዋጊ አውሮፕላኖች መካከል ሳአብ 17 ይገኝበታል፡፡ ቢሾፍቱ ያሉ አረጋውያን የአየር ኃይል ሰዎች ይህን ከእኔ በተሻለ ይናገሩታል፡፡

ወደ ተሽከርካሪው ልመለስ፡፡ አርቢኤስ 70 ሲፈጠር መኪና ላይ እንዲጫን አልነበረም፡፡ በሦስት እግር መቆሚያ ላይ የሚቀመጥ፣ ተፈታትቶ በጥቂት ወታደሮች ትከሻ የሚጓጓዝ መሣሪያ ነው፡፡ ነገር ግን ከታንክና ከብረት ለበስ ጋር መጓዝ ያለበት መሣሪያ በእግር ሊከተላቸው አይችልም፡፡ ስለዚህ እያንዳንዱ ገዢ በየራሱ መንገድ ጫነው፡፡ ስዊድን በ1980ዎቹ አሮጌ የእግረኛ መድፍ ተሸካሚዎቿን አሻሽላ ኤልቪአርቢቪ 701 የተባለ ባለሰንሰለት ተሽከርካሪ ሠራችለት፡፡ ሲንጋፖር ቪ-200 በተባለ ባለጎማ ብረት ለበስ ላይ፣ ፓኪስታን ደግሞ በአሜሪካው ኤም 113 ላይ አስቀመጡት፡፡

የስዊድኑ 701 በጨዋታ ተመራጭ የሚመስለው «ንጹሕ ስዊድናዊ» ስለሆነ ነው፡፡ ግን በእውነቱ ተሽከርካሪው የሚሸከመው ያንኑ የእግረኛውን አንድ ማስወንጨፊያ ነው፡፡ ተኳሹ ከጣሪያው ላይ ወጥቶ ይተኩሳል፣ እንደገና ይሞላል፡፡ የራሱ ራዳር የለውም፡፡ አውሮፕላን መምጣቱን የሚነግረው ጂራፍ የተባለው ለብቻው የሚቆም ራዳር ነው፡፡ (ጂራፍ ቀጭኔ ማለት ሲሆን፣ ራዳሩ ከዛፍ በላይ በረጅም ምሰሶ ስለሚወጣ የተሰጠው ስም ይመስላል፤ ስዊድኖች በስም አወጣጥ አይታሙም፡፡) በጨዋታ ውስጥ ያንን ራዳር ይዞ የሚመጣ ጓደኛ አይኖርም፡፡

የፊንላንዱ ግን በዚህ ረገድ የተሟላ ነው፡፡ ራይንሜታል የተባለው የጀርመን ኩባንያ አስራድ የተባለ ማማ ነበረው፡፡ ለስቲንገር ዓይነት ሚሳይሎች ታስቦ የተሠራው ይህ ማማ በጀርመን ጦር ቪዝል በተባለች ትንሽ ባለሰንሰለት ተሽከርካሪ ላይ ይጫናል፡፡ ከስዊድኖቹ ጋር በመተባበር ማማው አርቢኤስ 70ን እንዲሸከም ተደርጎ አስራድ-አር ተባለ፡፡ ለመተኮስ ዝግጁ የሆኑ አራት ሚሳይሎች፣ ሌሊት የሚያይ የሙቀት ካሜራና ሀርድ የተባለ የስዊድን ራዳር ባንድነት ይዟል፡፡ ፊንላንድ ይህንን ከፊሉን ሲሱ ናሱ በተባለው የበረዶና የረግረግ ተሽከርካሪዋ ላይ፣ ከፊሉን ደግሞ በዩኒሞግ ላይ ጫነችው፡፡ የዋር ተንደር የስዊድን የምድር ጦር እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2020 ሲገባ የፊንላንድ መሣሪያዎችንም አካቶ ስለነበር፣ ፊንላንዳዊ መኪና በስዊድን ጎን መሰለፉ አዲስ ነገር አይሆንም፡፡

ታዲያ ለምን የጭነት መኪናው? ቀላሉ መልስ ሚዛን ነው፡፡ ሌዘር የሚከተል፣ በማታለያ የማይሸወድ፣ የራሱ ራዳር ያለው ባለአራት ሚሳይል መሣሪያ በብረት በለበሰ ተሽከርካሪ ላይ ሲሆን ለአብራሪዎች ግፍ ይሆናል፡፡ በጭነት መኪና ላይ ሲሆን ግን ከባድ መትረየስ እንኳ ያቃጥለዋል፡፡ ጎማ ስላለው በመንገድ ላይ ፈጥኖ ቦታ ይቀይራል፤ ጭቃ ውስጥ ሲገባ ግን ባለሰንሰለቱን አያክልም፡፡ ቁመቱም ረጅም ስለሆነ መደበቅ ይቸግረዋል፡፡ ጥንካሬውና ድክመቱ በአንድ መኪና ላይ ተጭነዋል፡፡

«ከዚህ የበለጠ ርቀት የሚመታውን ባምሴን ለምን አትጠይቅም?» የሚሉኝ አሉ፡፡ ባምሴ (በስዊድን ልጆች ዘንድ የታወቀ የካርቱን ድብም ስሙ ይኸው ነው) እስከ 15 ኪሎ ሜትር ከፍታ የሚደርስ ትልቅ ሥርዓት ነው፡፡ ስዊድን እ.ኤ.አ. በ2019 በጎትላንድ ደሴት ላይ እንደገና ያሰማራችው ነው፡፡ ነገር ግን ስድስት ሚሳይል የሚሸከመው ክፍሉ በመኪና የሚጎተት ተጎታች ነው፡፡ ቆሞ የሚተኩስ ተጎታች በጨዋታ ውስጥ ለባለቤቱም ለጠላቱም አሰልቺ ነው፡፡ ስለዚህ አልጠይቅም፡፡

ሐሳብ አቅራቢ ሊያልፈው የማይገባ ሌላ ነገር አለ፡፡ እርሱም የቀለም ጉዳይ ነው፡፡ ጨዋታዎቹ ለአንድ ተሽከርካሪ የተለያዩ ገዢ አገሮችን ቀለም መሸጥ ይወዳሉ፡፡ የአርቢኤስ 70 ሽያጭ ታሪክ ግን ሁሉም የሚያኮራ አይደለም፡፡ ቦፎርስን ብዙ አንባቢ የሚያውቀው እ.ኤ.አ. በ1987 በተጋለጠው የህንድ መድፍ ጉቦ ሳይሆን አይቀርም፡፡ ከዚያ በፊት ግን ይኸው ሚሳይል በስዊድን ሕግ መሣሪያ ሊሸጥላቸው ወደማይፈቀድ ዱባይና ባህሬን፣ በሲንጋፖር በኩል በሕገወጥ መንገድ መላኩን የኩባንያው መሐንዲስ የነበረው ኢንግቫር ብራት አጋልጧል፡፡ የጦር መሣሪያ ሽያጭን ይቆጣጠር የነበረው ባለሥልጣን ካርል-ፍሬድሪክ አልየርኖን እ.ኤ.አ. በጥር 1987 ስቶክሆልም ውስጥ የምድር ውስጥ ባቡር ፊት ወድቆ ሞተ፡፡ እ.ኤ.አ. በ1989 የኩባንያው ኃላፊዎች በኮንትሮባንድ ጥፋተኛ ተባሉ፡፡ የበረሃ ቀለም የተቀባ አርቢኤስ 70 በጨዋታ ገበያ ላይ ሲሸጥ ባይ፣ እኔ በበኩሌ አልገዛም፡፡ የፊንላንድ አረንጓዴ ይበቃኛል፡፡

ከሁሉ የከበደኝ የመረጃ ጥያቄ ነው፡፡ በዚህ ዓይነቱ ጨዋታ ዙሪያ የሚደረገው ክርክር አንዳንዶችን ምን ድረስ እንደወሰዳቸው በሰፊው ተዘግቧል፡፡ እ.ኤ.አ. በ2021 አንድ የብሪታንያ ታንከኛ ነኝ ያለ ተጫዋች የቻሌንጀር 2 ታንክ በጨዋታው በትክክል አልተሠራም በማለት ከመመሪያ መጽሐፉ የተወሰዱ ገጾችን ለጥፎ ነበር፡፡ በዚያው ዓመት የፈረንሳዩ ሌክለርክ ታንክ፣ በ2022 ደግሞ የቻይና ታንክ ጥይት መረጃ በተመሳሳይ መንገድ ወጣ፡፡ ገጾቹ ተነሡ፤ ግን አንዴ የታየ ነገር አይመለስም፡፡ አንድ ሰው በጨዋታ ለማሸነፍ ሲል የባልንጀሮቹን ሕይወት የሚጠብቅ ምስጢር አደባባይ ያወጣል ማለት ነው፡፡

አርቢኤስ 70 ደግሞ በሙዚየም የተቀመጠ መሣሪያ አይደለም፡፡ ስዊድን ለዩክሬን ከሰጠቻቸው መሣሪያዎች አንዱ ሲሆን እዚያ በጦርነት ላይ ውሏል፡፡ ስለዚህ ሐሳቤን ሳዘጋጅ የተጠቀምኩት አምራቹ ራሱ በይፋ ያወጣቸውን ቁጥሮች ብቻ ነው፡፡ የሌዘሩ ኃይልና የሞገዱ ርዝመት፣ አብራሪው ጨረሩን የሚያውቅበት ርቀት፣ ራዳሩ ዝቅ ብሎ የሚበርን ድሮን የሚለይበት ወሰን፣ እነዚህን ሦስት መስመሮች ባዶ ትቻቸዋለሁ፡፡ ጨዋታ ሠሪው ለሚዛን የሚስማማውን ግምት ይሙላባቸው፡፡ ተጫዋቾች «ይህ ከእውነቱ ይለያል» ብለው ቢያማርሩ፣ ያማርሩ፡፡