አዲስ ወይስ ያገለገለ?

መኪና ሊገዛ የተነሣ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ «አዲስ ነው ያገለገለ የምትፈልገው?» ተብሎ ይጠየቃል። ከደመወዜ ቆጥቤ፣ የመሥሪያ ቤቴን ብድር ጨምሬ መኪና ልገዛ ባሰብሁበት በዚህ ወራት ጥያቄው ወደ ኋላ፣ ወደ ታሪክ ወሰደኝ። ለካስ ይህች ስሟ «አዲስ» የሆነ ከተማ የመጀመሪያ መኪናዋን የተቀበለችው መንገድ አሽቶት፣ አገልግሎ ነው!

በ1900 ዓ.ም. ቤዴ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ከጅቡቲ ተነሥቶ፣ በረሃውንና ዳገቱን አቋርጦ፣ ሲድሌይ መኪናውን ለዳግማዊ አፄ ምኒልክ አደረሰ። ጥቂት ቆይቶ ጀርመናዊው አርኖልድ ሆልትስ ናኬ የተባለ መኪና ይዞ ተከተለ። ባቡሩ ያን ጊዜ ገና ድሬዳዋ ላይ ነበርና ድንጋይ ያልመታው፣ አቧራ ያልጠጣ መኪና ከንጉሥ ደጅ ሊደርስ አይችልም ነበር። ሐዲዱ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ ግን መኪና ሳይነዳ፣ በፉርጎ ተጭኖ፣ ዛሬ በቂርቆስ ክፍለ ከተማ በሚገኘው ለገሃር ሊወርድ ቻለ። አዲስነት የመኪናው ብቻ አይደለም፤ የመንገዱም ነው።

ከለገሃር ብዙ የማትርቀው ካዛንቺስም ስሟን ያገኘችው በወረራው ዘመን ለጣሊያን መንግሥት ሠራተኞች ከተሠሩት ቤቶች ነው። ሠሪው ሄደ፤ ቤቱ ሁለተኛ ባለቤት አገኘ። መኪኖቻችንም እንዲሁ ናቸው። ከቮልስዋገኑ፣ ከፊያት ሴይቼንቶውና ከላዳው ዘመን በኋላ ከአውሮፓና ከዱባይ ያገለገሉ መኪኖች በብዛት ሲገቡ፣ ደላሎቻችን ለቃሉ ሌላ ፍቺ ሰጡት፤ በሰው አገር ዓመታት የሮጠው መኪና እዚህ ሰሌዳ ሲለጠፍለት «አዲስ የገባ» ተባለ።

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ግን ባረጁት መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። ስለዚህ ዛሬ መኪና መሸጫ ውስጥ የሚጠብቀኝ ምርጫ መልኩ ተለውጧል፤ አዲሱ የኤሌክትሪክ ነው፤ ያገለገለው በአመዛኙ ከክልከላው በፊት የገባው ባለ ቤንዚን ነው።

አዲሱን ሳይ ልቤ ይሸፍታል፤ የነዳጅ ሰልፍ አያውቅም። ነገር ግን ባትሪው ሲደክም ማን ዘንድ እወስደዋለሁ? ያገለገለው ሕመሙ የታወቀ ነው፤ ሞተሩን በድምፁ ብቻ የሚለይ መካኒክ አለው። እኔ የማውቀው መካኒክ የካዛንቺስ ሰው ነበር። በ2017 ዓ.ም. የሰፈሩ ብዙ ቤቶች ለኮሪደር ልማት ሲፈርሱ እርሱም ከተነሡት ጋር ወደ ከተማዋ ዳር ሄደ።

ባንክ ቤት መኪና በመያዣነት ስንይዝ ሊብሬውን ገልጠን የተመረተበትን ዓመት፣ የሞተሩንና የሻንሲውን ቁጥር እናነባለን። መኪናውን በእግሩ የሚያቆመው ሰው ግን በሊብሬው ላይ አይጻፍም። የዋጋው ግማሽ እርሱ እንደሆነ የሚታወቀው ሲታጣ ነው።

ያገለገለውን ልገዛ ቆርጫለሁ። የመካኒኩ ስልክ በእጄ ነው፤ መንገዱ ቢረዝምም መኪናው እስከ እርሱ ድረስ አያሳፍረኝም።